ሙሾ አውራጇ የምትጠይቀው

የእድሩ ጥሩንባ የሚነፋው ጎህ ሳይቀድ ነው። ጥሩንባ ነፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን እየለፈፈ በየመንደሩ ያልፋል። ሰው ከመኝታው ተነስቶ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ ጎልማሳው ለመቃብር ቁፋሮና ለድንኳን ተከላ ይወጣል፤ ሴቶቹ እንጀራና ወጡን ይዘው ወደ ለቅሶ ቤት ይጣደፋሉ። አንዲት ሴት ግን በቀጥታ ወደ ለቅሶው አትሄድም። መጀመሪያ ከጎረቤት ትገባለች፤ ወይም ከሟች ዘመዶች አንዷን ከአጥር ጥግ ይዛ በዝግታ ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? እናቱ አለች? ከወንድሞቹ ቀድሞት የሞተ አለ? ከቤቱ ሞተ ወይስ በሰው አገር? ማንን ዳረ፣ ማንን ሳይድር ቀረ? ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር? ከየትኛው ደብር ለቀስተኛ ይመጣል? መልሱን ሁሉ በልቧ ይዛ ነው ከለቀስተኛው መሃል ቆማ ድምጿን የምታነሳው።

ሙሾ አውራጅ ናት። ሁለት ሁለት ስንኝ ቤት እያስመታች ትጥላለች፤ ከበው የቆሙት ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ በኋላ ዘመንም ፎቶግራፉ ከፊት ይያዛል። ከወንዝ ማዶ አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲደርስ ወደ እሱ ትዞራለች፤ ከሟቹ ጋር በምን እንደሚዛመድ፣ የራሱን የቆየ ሐዘንም አክላ ታነሳበታለች። ሰውየው የሚያለቅሰው ዛሬ ለሞተው ብቻ ሳይሆን ቀድመው ለተለዩት የራሱ ሙታንም ነው። ሟቹ ባለፈረስ ከሆነ በፈረሱ ስም ትጠራዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደተባሉ ሁሉ የየአጥቢያው ጀግናም የፈረስ ስም ነበረው። የነገሥታቱን ጸሐፊ ጽፎታል፤ የአጥቢያውን ጀግና ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ሙሾ ብቻ ነው።

በአንድ ጠዋት የአንድን ሰው ዕድሜ ጠይቃ፣ አጣርታ፣ መርጣ በአደባባይ ታቆማለች። ብትሳሳት የሚያርማት ዘመድ እዚያው ቆሟል። ይህ የታሪክ ሥራ ነው። ስለ ባህል ጥበቃ ስንነጋገር ግን እሷን የምናያት እንደ አንጎራጓሪ ነው፤ ድምጿን ቀርጸን መሄድ እንፈልጋለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከዜማዋ ቀድሞ እየጠፋ ያለው ጥያቄዋ ነው። አረጋውያንን ለማነጋገር መቅረጫ ይዞ የሚወጣ ሰው በመጀመሪያ ሊሰበስበውም ሊማረውም የሚገባው ያንን የአጠያየቅ ዕውቀት ነው።

ሙሾ በብዙ ቦታ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱም ሁሉ ክፉ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ለሟች የሚጠቅመው ፍትሐቱና ጸሎቱ እንጂ ፊት መንጨት እንዳልሆነ ሲያስተምሩ ኖረዋል። በሙስሊሙ ዘንድም ደረት እየመቱ መጮህ የተነቀፈ ነው። ፊቷን ነጭታ ጠባሳ የቀረባትን፣ ከለቅሶ መልስ አልጋ ላይ የወደቀችን እናት ያየ ሰው ይህን ትምህርት አይንቅም። ከተማውም የራሱን አመጣ። እድሩ ደንብ አወጣ፤ የለቅሶው ቀን አጠረ፤ ከበው የሚቆሙበት ሜዳ ቀርቶ በድንኳን ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ በሙሾው ቦታ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ጥሩንባውንም በብዙ ቦታ የስልክ መልእክት ተክቶታል። ከዚህ ሁሉ ጋር ሟቹ ማን እንደነበር እየዞረ የሚጠይቅ፣ ያገኘውንም በሰው ፊት የሚናገር ሰው አብሮ ሄደ። ዛሬ ከከተማ ቀብር ስንመለስ ስለ ሟቹ የምናውቀው በአጭር የሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ የተነበበልንን ያህል ነው፤ የተወለደበት ዘመን፣ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የሠራበት መሥሪያ ቤት። ማንን እንዳስታረቀ፣ ማንን በክፉ ቀን እንዳበላ፣ ከማን ጋር ሳይነጋገር እንደሞተ ወረቀቱ አይልም።

ማን ሞተና?

የመንዝ ብርድ በበጋም አይለቅም። ሰው በግ ያረባል፣ የበጉን ጸጉር ፈትሎ ባና እና ዝተት ያሠራል፣ ገብሱን ቆልቶ ጠላውን ጠምቆ ዓመቱን ይገፋል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሴት አያቷን ታናሽ እህት ልታነጋግር ወደዚያ ስትሄድ አብሬያት ነበርሁ። አሮጊቷ በወጣትነታቸው ከደብር ደብር እየተጠሩ ሙሾ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። ተማሪዋ ጥያቄዎቿን በወረቀት አሰናድታለች፤ የመጀመሪያው አጭር ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ አንድ ሙሾ ያውርዱልኝና ልቅረጸው።»

አሮጊቷ የሚፈትሉትን የበግ ጸጉር ከጭናቸው አወረዱ። «ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ለትምህርቴ ነው።»

«በደህና ቤት ሙሾ? ምን ልታሟርቺብን መጣሽ ልጄ?»

ምራታቸው አማተበች። ተማሪዋ ስልኳን ዘግታ ከቦርሳዋ ከተተች። ወረቀቷ ላይ የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ሙሾው ከተቀረጸ በኋላ የሚመጡ ስለነበሩ ምንም የምትጠይቀው አልቀራትም።

ያለ ሞት ሙሾ አይወርድም። ደንቡ ከንቱ ፍርሃት እንዳይመስለን። ብዙ የቃል ዕውቀት የራሱ ጊዜና ቦታ አለው፤ ተረት ለማታ፣ ሽለላና ፉከራ ለዘመቻና ለድግስ፣ መርዶ ለማለዳ። ከጊዜው ውጭ ማውጣት ለባለቤቱ ነውር ወይም ሟርት ነው። ሰብሳቢው ለመሣሪያው እንዲመቸው ጸጥ ያለ ክፍልና ነፃ ከሰዓት ይፈልጋል። ሙሾ አውራጇ የምትፈልገው ሟች፣ ለቀስተኛና ምክንያት ነው። እነዚህ በሌሉበት ተለማምጠው ያስወረዱት ሙሾ ቢቀረጽ እንኳ የሚቀረጸው አውራጇ የማታውቀውን ሰው ለማስደሰት የተደረገ ነገር ነው።

ጠላ ተቀዳ፤ ቆሎ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ጠያቂዋ አሮጊቷ ሆኑ።

«አባትሽ በየት በኩል ነው?» ተማሪዋ ነገረቻቸው። «እህቴ ስትሞት የት ነበርሽ?»

«አዲስ አበባ። ፈተና ላይ ስለነበርሁ ቀብሯ ላይ አልደረስሁም።»

«መርዶውን ማን ነገረሽ?»

«በስልክ ነው የሰማሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

አሮጊቷ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ከበው፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስና ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ባለበት ነው። ይህን ካሉ በኋላ ለልጅቱ የቀረባትን ነገር ሊሰጧት የፈለጉ ይመስል ስለ እህታቸው ለቅሶ ያወጉ ጀመር። በዜማ አይደለም፤ እንደ ወግ ነው። ያን ቀን ማንን እንደጠየቁ፣ ማን ምን እንደነገራቸው፣ የትኛውን ትተው የትኛውን እንዳነሱ፣ የማዶ ሰዎች ሲደርሱ ምን ብለው እንደተቀበሏቸው። አያቷ በ77 ድርቅ የሞተች የበኩር ልጅ እንደነበረቻቸው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ስሟን ከቤት አንስተው እንደማያውቁ ተማሪዋ የሰማችው እዚያ ነው። አሮጊቷ የዚያችን ልጅ ስም በሙሾ ከማንሳታቸው በፊት የሟችን ባል ጠርተው አስፈቅደው ነበር።

«አሁን ክፈችው ያንን ነገር» አሉ ወደ ቦርሳው እያመለከቱ።

ያ ቅጂ አንዲት የዜማ ስንኝ የለበትም። ከብዙ የዜማ ካሴቶች ግን ይበልጥብኛል፤ ሙሾ እንዴት እንደሚሠራ ውስጡን ያሳያል፤ ከማን ተጠይቆ፣ በማን ፈቃድ፣ ምን ተደብቆ፣ ለማን ተብሎ። ዜማው ብቻ ቢቀር የዛሬ አምሳ ዓመት የሚሰማው ሰው ማን እንደሞተና ለምን እንደተለቀሰ ሳያውቅ ድምፅ ብቻ ያዳምጥ ነበር።

77 ሲነሳ የፈቃደ አዘዘን ሥራ አለማንሳት አይቻልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ቃል መምህር በሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ዘንድ ስለዚያ ድርቅና ረሃብ የተገጠሙ ሁለት ሁለት ስንኞችን ሰብስበው፣ ማን በምን ምክንያት እንዳለው እያብራሩ በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል። በመስከረም 1977 መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር በረሃብ የተያዘው ገበሬ ለአምላኩ፣ ለጎረቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለተሰደደ ልጁ ምን ይል እንደነበር ጋዜጣም ሪፖርትም አልጻፈውም። ገበሬው ግን ገጥሞት ነበር። ሰብሳቢው ባይደርስ ኖሮ ብዙው ከገጣሚዎቹ ጋር በጠፋ ነበር። በዚያ ሥራ የምወደው የግጥሙ ውበት ብቻ አይደለም፤ ከግጥሙ ጎን የተቀመጠው ማብራሪያ ነው፤ ሰውየው ምን ሸጦ፣ ማንን ቀብሮ እንዲህ እንዳለ።

መርማሪና ጠያቂ

ጠይቆ የሚያሞግስ ወይም የሚያስለቅስ ሙሾ አውራጅ ብቻ አይደለም። ላሊበሎች፣ በሌላ ስማቸው አሚናዎች፣ ባልና ሚስት ሆነው ጎህ ሳይቀድ ከሰው ደጅ ይቆማሉ። ካላዜሙ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ከማዜማቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ ሚስቱንና ልጆቹን፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ከጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱ ከእንቅልፉ የሚነቃው ስሙ ሲዘመር ነው። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ ከእነሱ ጋር በጎንደር መንገድ ላይ እየዞረ ፊልም ሠርቶላቸዋል። በአንድ ቦታ አስቀምጦ እንዲያዜሙ ከማድረግ ይልቅ ከደጅ ደጅ፣ ከስድቡም ከምርቃቱም ጋር እንዳሉ መከተሉ ለሥራው ትልቅ ዋጋ ሰጥቶታል።

ሌላ ዓይነት ጠያቂም አገሩ ያውቃል። አፈርሳታና አውጫጭኝ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሌባ እስኪገኝ ሲመረመር ኖሯል፤ በልሃ ልበልሃ እየተባለ በችሎት ፊት ቃል ተሰነጣጥቋል። የግብር ቆጣሪው ደብተር ነበረው፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ነበረው። የገጠር ሽማግሌ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ እንግዳ ሲያይ መልሱን የሚያሳጥረው ከዚህ የተነሳ ነው። «እኛ ምን እናውቃለን፤ አላዋቂዎች ነን» የሚለውን ቃል ስንቱ ተመራማሪ እንደ ትሕትና ቆጥሮ ጽፎት ሄዷል! አለማወቅ አይደለም፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣ እስኪታወቅ ድረስ የሚዘጋ በር ነው።

በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው የዳካር ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ተልዕኮ መሪ ማርሴል ግሪዮል የመስክ ተመራማሪን ከመርማሪ ዳኛ ጋር ያመሳስል ነበር፤ ተጠያቂው የሚደብቀው አለ፣ አጥብቆ ይዞ ማውጣት ነው። የተልዕኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከአስተርጓሚውና ከባልደረባው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ ወደ ዛር ባለቤቷ መልካም አያሁ ቤት ይመላለስ ነበር። ሌሪስ ማስታወሻ ይጽፋል፤ የዛሩን ቃል በአማርኛ የሚይዙት ግን አባ ጀሮም ናቸው። ብዙው ነገር የተገኘው በምርመራ ሳይሆን ቡናው ሲፈላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ጨዋታው ሲረዝም አብሮ በመቀመጥ ነው። ዛሬ የጎንደርን የዚያን ዘመን የዛር ሥርዓት ማጥናት የፈለገ ሰው የሌሪስን መጻሕፍት መግለጡ አይቀርም፤ ለዚያ ውለታ አለብን። ያው ተልዕኮ ግን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንስቶ፣ ቅጂ ተክቶ፣ ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ ሥዕሎቹ አሁንም እዚያው ሙዚየም ናቸው። የመልካም አያሁ ቃልም በፈረንሳይኛ ከታተመ በኋላ ወደ ልጅ ልጆቿ ጆሮ የሚመለስበት መንገድ በጊዜው የታሰበበት አይመስልም። መሰብሰብ ለባለቤቱ ሳይመልሱ ከሆነ ከመውሰድ የሚለየው በምን እንደሆነ እኔ አይታየኝም።

ከዚህ በፊት ደግሞ ራሷ ጠያቂም ተጠያቂም የነበረች ሴት አለች። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተይዛ በ1886 እ.ኤ.አ. በጣልያን መርከብ ነፃ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ስትሠራ ከአእምሮዋ 500 ያህል የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጽፋ ሰበሰበች። ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል። ከአገሯ ተነጥላ፣ የሚያስታውሳት ሽማግሌ አጠገቧ ሳይኖር፣ ልጅ ሆና የሰማችውን ራሷን እየጠየቀች አወጣችው። ስለ ቃል ታሪክ አሰባሰብ ሲጻፍ በመጀመሪያው መስመር መነሳት የሚገባት ሰው ናት፤ የምትነሳው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ጠያቂው ምን ይያዝ? መሣሪያው ቀላል ነው፤ ዛሬ በኪስ ያለ ስልክ ለቀረጻ ይበቃል፤ ድምፁን ሳይጨምቁ ማስቀመጥ፣ ነፋስን መከለል፣ ከግድግዳ ሰዓትና ከሬዲዮ መራቅ ነው። ከባዱ ጥያቄው ነው። «ባህላችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚመልስ ሰው የለም፤ ቢመልስም የሚለው ከሬዲዮ የሰማውን ነው። «ባልዎ የሞቱ ዕለት መጀመሪያ ከደጅ የገባው ማን ነው?» ሲባል ግን ቤቱ፣ ሰዉ፣ ቃሉ ይመጣል። ከዚያ «ከዚያስ?» ብሎ መጠበቅ ነው። ዝምታው ሲረዝም ሌላ ጥያቄ ለመጣል ያስቸኩላል፤ ሽማግሌው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚናገረውን እየመዘነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘመኑን በቁጥር መጠየቅም አያዋጣም። አረጋውያን ዓመቱን የሚያውቁት በሆነበት ነገር ነው፤ ጣሊያን የገባ ዕለት፣ መሬት ለአራሹ የታወጀ ዓመት፣ የ77 ድርቅ። አባቶቻቸው የነገሯቸው ደግሞ ወደ ሕዳር በሽታና ወደ ክፉ ቀን ይዘልቃል። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 መሆኑን የሚያውቅ ጠያቂ «ያኔ አንቺ አግብተሽ ነበር?» በማለት ብቻ የሠርጉን ዓመት ይደርስበታል። አንዱ ሽማግሌ የነገረውን ለሌላው ማንሳት፣ ሲጋጭም ሁለቱንም እንደተባሉ መያዝ ነው፤ ሙሾ አውራጇም ከአንድ ዘመድ ሰምታ ከሌላው ሳታረጋግጥ አታነሳም። የጠያቂውም ድምፅ ከቅጂው እንዳይቆረጥ እለምናለሁ። በየስቱዲዮው ጥያቄው እየወጣ መልሱ ብቻ ሲቀር ሽማግሌው ያንን ለምን እንዳለ፣ ለማን እንዳለም አይታወቅም።

ሱዳን የቀሩት

በጊዜው ሙሾ ያልወረደላቸው ሙታንም አሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ማኅበረሰብ አባላት ወደ እስራኤል ለመሻገር ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኞች ሰፈሮች በረሃብና በበሽታ፣ በመንገዱም ላይ፣ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ማንነታቸውን ደብቀው ስለነበሩ ሬሳን እንደ ሥርዓታቸው ቀብሮ እንደ ወጋቸው ማልቀስ ለብዙዎቹ አልሆነላቸውም። ዘመዶቻቸው እስራኤል ከደረሱ በኋላ ነው ለቅሶው በውል የተለቀሰው፤ አንዳንዱም ማን በየት እንደቀረ በትክክል ሳይታወቅ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ ለእነዚህ ሙታን መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ይታሰባሉ።

ወጣቶቹ ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን ስለዚያ ጉዞ ሲጠይቁ የሚያወጡት ጥያቄ የሙሾ አውራጇ ጥያቄ ነው። ስሙ ማን ነበር? የማን ልጅ ነበር? ከጎኑ ማን ነበር? የት ቀበራችሁት? ጥያቄው ዘግይቶ መጣ፤ ለዓመታት እናቶች ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ዝም አሉ፤ ልጆቹም በዕብራይስጥ አድገው አማርኛውና ትግርኛው ለዚህ ዓይነት ወግ አነሳቸው። አማርኛን ለልጅ የማስተማር ነገር በውጭ ያሉ ማኅበረሰቦችን ሁሉ ያሳስባል፤ እኔ ግን ከፊደሉ እኩል «መርዶ»ን፣ «ለቀስተኛ»ን፣ «አዝማድ»ን ማስተማር ይገባል እላለሁ። እነዚህን ቃላት የማያውቅ ልጅ አያቱን ሊጠይቅ ቢቀመጥ ምን ብሎ ይጀምራል?

የዚሁ ማኅበረሰብ የጸሎት ዜማ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮምና ባልደረቦቹ በእስራኤል የቤተ እስራኤል ቄሶችን ሰብስበው በግዕዝ፣ በመካከሉም የአገው ቋንቋ የቀረበትን የዜማ ሥርዓት በሰፊው ቀረጹ። ቄሶቹ ያኔ ገና ብርቱዎች ነበሩ፤ መቼ የትኛው እንደሚባል፣ ማን እንደሚመራና ማን እንደሚቀበል መናገር ይችሉ ነበር። ቀረጻው ዛሬ ዋጋ ያለው ማብራሪያው አብሮት ስላለ ነው።

በዋሽንግተንም፣ በሪያድም፣ በቤይሩትም ያለው ሐበሻ መርዶን ጨርሶ አልተወም። ከአገር ቤት ወሬ ሲመጣ ወዳጆች ተጠራርተው፣ ከሥራ መልስ ወይም በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ቤት ሄደው ነው የሚነግሩት። በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና የሞተች ልጅ ሬሳዋ ሳይመጣ ለቅሶዋ በመንደሯ ይለቀሳል። ያን ጊዜ ሙሾ አውራጇ ምን ብላ ትጠይቅ? ማንን? የአሠሪዋን ስም ማንም አያውቅም፤ በምን እንደሞተችም። በየገጠሩ ዛሬ ካሉት አዳዲስ ሙሾዎች መልስ ባላገኙ ጥያቄዎች የተሞሉ አሉ፤ እነሱን የሚሰበስብ ሰው የዚህን ዘመን ስደት ታሪክ ይዞ ይወጣል።

ቅጂው የማን ነው?

ኢትዮጵያ የዩኔስኮን የ2003 የማይዳሰሱ ቅርሶች ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጫምባላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሩ ሹዋሊድ በ2023 በዓለም መዝገብ ገብተዋል። ሁሉም የሚገባቸው ናቸው። ዝርዝሩ ግን ከገዳ በቀር ወደ በዓል ያጋድላል፤ አደባባይ፣ ዝማሬና ቀለም ያለው ነገር ለመመዝገብ ይቀላል። ለቅሶን ማን ያስመዘግባል? ሐዘን ለቱሪስት አይታይም፤ ዓመት ጠብቆም አይመጣም። ስለዚህ የሙሾው ዕጣ በመዝገብ ላይ ሳይሆን በየቤቱ በሚደረግ ጥየቃ ላይ የቆመ ነው።

የሚቀመጥበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ነገር ግን የቃል ሀብታችን ትልቁ ክምችት ያለው በመሥሪያ ቤት አይመስለኝም፤ በየመምህሩ ቤት፣ በየመደርደሪያው ሥር፣ በካርቶን ውስጥ ባለ ካሴት ነው። ካሴት ሻጋታ ይበላዋል፤ መግነጢሱ ይረግፋል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ጠፍቷል። ከአዲስ ቀረጻ በፊት እነዚያን ወደ ዲጂታል ማዛወር ይቅደም ባይ ነኝ። ካሴቱን የቀረጸው ሰው ገና በሕይወት ካለ አብሮ ማዳመጥና ማን እንደተናገረው፣ የት እንደተነገረ፣ በምን ምክንያት እንደተባለ ማስመዝገብ ነው፤ ስም የሌለው ካሴት ከጠፋ ካሴት ብዙ አይሻልም። ከዚያ ቅጂውን ቢያንስ በሦስት ቦታ ማስቀመጥ፤ አንዱ ከተነገረበት አገር፣ ከቤተሰቡ ዘንድ ይሁን።

የመንዟ ተማሪም ቅጂዋን ወደ አንድ ተቋም ከማስገባቷ በፊት አሮጊቷን ፈቃድ ጠየቀች። የወግ ጊዜው ረዝሞ በቅጂው ውስጥ ከእህታቸው ሌላ የሦስት ቤት ለቅሶ ተነስቶ ነበር።

«የኔን ፈቅጃለሁ» አሉ። «የቀረው የኔ አይደለም፤ የቤቱ ነው። ሄደሽ ጠይቂ።»

ሄደች። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች ሰምተው ፈቀዱ፤ ቤይሩት ላለች እህታቸው የሚላክ ቅጂም ለመኑ። ሁለተኛው ቤት አንድ ስም ተሳስቷል ብለው አረሙ፤ እርማቱን፣ ማን እንዳረመው ጭምር፣ አብራ ቀረጸችው። ሦስተኛው ቤት የሟች ታላቅ ወንድም እስከ መጨረሻው አዳመጡና እምቢ አሉ። በለቅሶው ላይ ተነስቶ የነበረ የድንበር ጠብ አለ፤ ሽማግሌዎች እስካሁን ይዘውታል፤ ቃሉ አሁን ቢወጣ እርቁን ያበላሻል። ተማሪዋ አልተከራከረቻቸውም። ያንን ክፍል ለብቻው ቆርጣ ዘጋችው፤ በመግለጫ ወረቀቱም ላይ «እርቁ ካለቀ በኋላ ወንድምየው ድጋሚ ይጠየቁ» ብላ ጻፈችበት።